63 ካሴቶች፣ ሁለት ሳጥኖች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ካሴት እንላቸዋለን እንጂ በውስጣቸው የሚጠቀለል ክር የላቸውም። የቪዲዮ ጨዋታ ካሴት ሲከፈት የሚታየው አንድ ትንሽ የሰርኪዩት ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ጨዋታው በፋብሪካ የታተመበት ቺፕ ተበይዷል፤ ከታች በኩል ደግሞ በስሱ ወርቅ የተለበጡ የመዳብ ጥርሶች ተደርድረዋል። ቅርፊቱ ፕላስቲክ፣ ፊቱ የወረቀት ስቲከር ነው። በ1976 ለገበያ የቀረበው ፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ፣ ጄሪ ላውሰን የመሩት ቡድን የሠራው ማሽን፣ ጨዋታን እንዲህ ባለ ተነቃይ ካሴት ካመጣ ወዲህ መሠረተ ሐሳቡ ብዙ አልተለወጠም። ቺፑ ጠንካራ ነው። የሚያረጀው ዙሪያው ነው፤ ጥርሱ፣ ስቲከሩ፣ ባትሪው፣ ቅርፊቱ።

ዛሬ ያሉኝን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። 63 ናቸው፦ 21 የኒንቴንዶ ኤንኢኤስ፣ 14 የሱፐር ኒንቴንዶ፣ 9 የኒንቴንዶ 64፣ 19 የጌምቦይ፤ አራቱም ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የጨዋታ ማሽኖች ናቸው። የራሱ ካርቶን ያለው አንድም የለም። ካርቶኖቹ ስስ ወረቀት ስለነበሩ ልጆች በከፈቷቸው ቀን ተቀድደው ቀርተዋል። የኤንኢኤስ ካሴቶች ሲሸጡ ከጥቁር ፕላስቲክ ኪስ ጋር ነበር፤ ከ21ዱ ኪሱ የተረፈው አራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ ስብስብ ከሞላ ጎደል ራቁቱን ነው።

ሥራውን ያስጀመረኝ ትናንት ማታ ያየሁት ነገር ነው። አንድ የኒንቴንዶ 64 ካሴት ላወጣ እጄን ሳጥኑ ውስጥ ስከት ጣቶቼ ተጣብቀው ወጡ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአሮጌ የካሜራ ሻንጣ ውስጥ ያገኘሁትን ስፖንጅ በልካቸው ቆርጬ፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አበጅቼ፣ የኒንቴንዶ 64ቱንና የጌምቦዩን ካሴቶች በሙሉ ጥርሳቸውን ወደ ታች አድርጌ ቀብሬያቸው ነበር። ያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ያለ አልመሰለኝም። አሁን ስፖንጁ ፈርሷል። ከፊሉ ዱቄት ሆኗል፤ ከፊሉ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። 28ቱም ካሴቶች ላይ አለ።

ከእነዚያ መካከል በመሳቢያ ውስጥ እንዲሁ ተጥሎ የቀረ አንድ ካሴት ቢኖር ኖሮ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ንጹሕ ይሆን ነበር። ይህ ነው ያበሳጨኝ። ካሴቶቹን የጎዳቸው ቸልታዬ ሳይሆን ያለበስኳቸው ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ካሴት የሚነካውን ማንኛውንም ነገር፣ ስፖንጁንም ኪሱንም ሳጥኑንም፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አላስጠጋም።

ቀን 2

ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ ስለቅም ዋልኩ።

የፈረሰው ፖሊዩሬታን የሚባለው ዓይነት ነው። በሻንጣም፣ በመቀመጫም፣ በማሸጊያም ውስጥ የሚገኘው ለስላሳ ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የአየር እርጥበትና ኦክስጅን ቀስ በቀስ ውስጡን ይበጣጥሱታል፤ መጨረሻው ወይ ብናኝ ወይ ሙጫ ነው። እኔ ደግሞ የወሰድኩት አስቀድሞ ያረጀ ስፖንጅ ስለነበር ሦስት ዓመት በቃው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምንም ነገር አለማርጠብ ነው። ብናኙ ሲረጥብ ጭቃ ሆኖ ወደ ስንጥቆቹ ይገባል። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይዤ፣ ካሴቱን ጥርሱን ወደ ታች ዘቅዝቄ፣ ከላይ ወደ ታች ጠረግሁ፤ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከጥርሱ ወጥቶ እንዲረግፍ። የተለጠፈውን ጫፉ በተሞረደ የጥርስ መፈልፈያ እንጨት አነሣሁ። ብረት አልነካሁም።

ቀሪውን ከቅርፊቱ ላይ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት። ቅርፊቱ ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ ይህን አልኮል ይችላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ግን ጨርሶ አይጠጋውም፤ ኤቢኤስን ያሟሟዋል፤ አንዴ ከነካ ፊቱ ይደበዝዛል፤ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ነገር የለም።

ስቲከሩ ላይ አልኮል አላደረስኩም። ቀለሙን ያነሣል፤ ከጠርዙ ከገባ ደግሞ ሙጫውን ያላላል። ሦስት ካሴቶች ስቲከራቸው ላይ ቡናማ ጥላ ቀርቷል። እዚያው ይቅር። እሱን አነሣለሁ ብዬ ሥዕሉን ከማነሣ ጥላውን እያየሁ ብኖር ይሻለኛል።

ቀን 3

ዛሬ ጥርስ ማጽዳት። ካሴቱን በማሽን ማንበብም ሆነ ውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር መቅዳት የሚቻለው ጥርሱ ሲጸዳ ስለሆነ ከሌላው ሁሉ ይህ ይቀድማል።

ካሴት አልሠራ ሲል ሁላችንም እፍ ብለንበታል። ከዚያ መልሰን ስንከተው ይሠራል፤ እፍታው ያዳነው ይመስለናል። የሚሠራው ግን ካሴቱ ወጥቶ እንደገና ሲገባ ጥርሶቹ አዲስ ቦታ ላይ ስለሚገጥሙ ነው። ከትንፋሻችን ጋር የሚሄደው እርጥበት እዚያው ይቀርና ወርቁ የሳሳበት ቦታ ሥር ያለውን መዳብ ይበላዋል። ኒንቴንዶ ራሱ እፍ እንዳይባል ያስጠነቅቅ ነበር። ከካሴቶቼ በሁለቱ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አይቻለሁ፤ ነጠብጣቡ ከዳር ሳይሆን ከመሃል ነው፤ አፍ በሚጠጋበት ልክ። የልጅነት ትንፋሽ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም፤ ግን ይህን ሳይ ልቤ ደንገጥ አለ።

አሠራሬ ይህ ነው። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሽ ብርጭቆ አፈስሳለሁ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፉን ነክሬ፣ እንዳይንጠባጠብ ጫን አድርጌ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እስባለሁ፤ ወደ ጎን አላሽም፤ ምክንያቱም የጥጡ ክር በጥርሶቹ መካከል ይቀራል። ጥጡ ሲጠቁር እጥላለሁ። ወደ ብርጭቆው አልመልሰውም። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እቀጥላለሁ፤ ከዚያ በደረቅ ጥጥ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ መጠበቅ። አንዳንዱ ካሴት ሁለት ጥጥ በቃው። አንድ የኤንኢኤስ ካሴት 14 ጨረሰ።

ብረት ማንጸባረቂያ ቅባት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ጥርሱ ወዲያው ያበራል፤ የሚያበራው ግን ወርቁ ከላዩ ተፍቆ ስለሄደ ነው። ላጲስም የዚያው ታናሽ ወንድም ነው። አረንጓዴ ከነበራቸው ሁለቱ አንዱ በአልኮል እምቢ ሲለኝ በነጭ ለስላሳ ላጲስ ሁለት ጊዜ ብቻ ሳብሁት። ሠራ። በመዝገቡ ላይ ግን ላጲስ እንደነካው ጻፍሁበት፤ ወደፊት ዝገት ቢመለስ ከዚያ መጀመሩን እንዳውቅ።

በአንዱ የጌምቦይ ካሴት ጀርባ ላይ በማርከር የተጻፈ የልጅ ስም አለ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። አልኮሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋው ነበር። አልነካሁትም።

ቀን 4

አጭር ቀን። የእርጥበት መለኪያዬን ፈተንሁት።

ርካሽ ዲጂታል መለኪያ ቁጥር ያሳያል እንጂ ቁጥሩ ልክ ነው ማለት አይደለም። መፈተኛው ግን ወጥ ቤት ውስጥ አለ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጌ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሬ (እንዲሟሟ ሳይሆን እንዲርስ ብቻ)፣ መለኪያውንና ክዳኑን አንድ የሚታሸግ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሌሊቱን አሳደርኩት። በእንዲህ ያለ የተዘጋ አየር ውስጥ ጨው አንጻራዊውን እርጥበት 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። የእኔ መለኪያ ጠዋት 69 አለ። ስለዚህ በሚለው ላይ 6 እጨምራለሁ። ክፍሌ 58 ነው ሲለኝ የኖረው 64 ነበር ማለት ነው። ለወረቀትና ለብረት ይህ ብዙ ነው። የምፈልገው ከ40 እስከ 50 ባለው ውስጥ ነው።

ቀን 6

መክፈት። የኒንቴንዶ ካሴቶች ብሎን ተራ ካቻቢቴ አይገባበትም፤ ራሱ እንደ አበባ የተከረከመ ነው። ለኤንኢኤስ፣ ለሱፐር ኒንቴንዶ፣ ለኒንቴንዶ 64 እና ለጌምቦይ ካሴት የሚሆነው ባለ 3.8 ሚሊ ሜትሩ መፍቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤንኢኤስ ካሴቶች ብቻ ተራ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሚገባባቸው አምስት ብሎኖች ተዘግተዋል፤ ከእኔ ሁለቱ እንዲህ ናቸው። የብዕር ቀፎ በእሳት አሙቀው ብሎኑ ላይ በመጫን መፍቻ የሚሠሩ አሉ፤ የቀለጠ ፕላስቲክ በብሎኑ ላይ ይቀራል። ትክክለኛውን መፍቻ መያዝ ይሻላል።

ሁሉንም አልከፈትሁም። የከፈትሁት ባትሪ ያለባቸውንና የጠረጠርኳቸውን ነው። የጠረጠርኩት አንዱ ጌምቦይ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በቺፕ ፈንታ ጥቁር የሙጫ ጉብታ ተቀምጦበታል፤ ሰሌዳው ላይም የኒንቴንዶ ስም የለም። ከስብስቡ አላስወጣሁትም፤ መዝገቡ ላይ ግን ማንነቱ ተጽፏል።

ባትሪ ያላቸው 22 ናቸው። ከኤንኢኤስ 3፣ ከሱፐር ኒንቴንዶ 8፣ ከጌምቦይ 10፣ ከኒንቴንዶ 64 ደግሞ 1 ብቻ። ኒንቴንዶ 64 ላይ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ያለ ባትሪ መረጃ የሚይዝ ቺፕ ስለተጠቀሙ ነው ቁጥሩ ያነሰው። ሌላው የጨዋታ ኩባንያ ሴጋ በ1994 ያወጣው ሶኒክ 3 የተባለው ጨዋታም እንዲሁ ያለ ባትሪ የሚያስታውስ ነው፤ ያን መንገድ ሁሉም ተከትለው ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራዬ ባልኖረ ነበር።

ባትሪው ለምንድን ነው? ጨዋታው ራሱ አይፈልገውም። የሚፈልገው ተጫዋቹ ያስቀመጠው ጉዞ ነው፤ ስሙ፣ የደረሰበት ቦታ፣ የሰበሰበው። ያ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚረሳ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲጠፋ የሚያስታምመው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ነው። ካሴቱን ሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ያ ጉዞ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ቀን 7

ሀያ ሁለቱንም ለካሁ። 13ቱ ከ2.9 ቮልት በላይ ናቸው። አራቱ በ2 እና በ2.9 መካከል። አምስቱ ሞተዋል፤ ከነሱ አንዱ የፖኬሞን ጎልድ ካሴት ነው፤ 0.3 ቮልት። ይህ ጨዋታ በውስጡ ሰዓት አለው፤ ማሽኑ ጠፍቶም ቀንና ሌሊቱን ይቆጥራል፤ ስለዚህ ባትሪው ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። ማሽኑ ላይ ከትቼ አየሁት። የተቀመጠ ጉዞ የለም። ብቻውን ሰዓቱን ሲቆጥር ቆጥሮ ያቆመበትን ቀን ማንም አላወቀለትም።

ከአራቱ ደካሞች አንዱ ዜልዳ የተባለው የሱፐር ኒንቴንዶ ጨዋታ ነው፤ 2.7 ቮልት። ይህ የታላቅ እህቴ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ እስከ ዛሬ አለ። ሳየው የክፍሉን በር ዘጋሁ፤ ማንም መጥቶ ጠረጴዛውን እንዳይነካብኝ።

ዛሬ ሌላ ምንም አልሠራሁም። አልቸኮልኩም።

ቀን 9

ጉዞዎቹን መቅዳት። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የካሴት ማንበቢያ አለኝ። ካሴቱ ይሰካል፤ ማንበቢያው ከማስታወሻው ቺፕ ላይ ያለውን ወደ ፋይል ይገለብጣል። የእህቴ ጉዞ 8 ኪሎባይት ነው፤ ከዚህ ማስታወሻ ያንሳል።

ሁለት ነገር አጥብቄያለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ካሴት ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለቱ ፋይሎች ፊደል በፊደል እኩል መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። 16ቱ ወዲያው ገጠሙ። አንድ ጌምቦይ ግን በየጊዜው የተለያየ ነገር ይሰጥ ነበር፤ ጥርሱን እንደገና አጽድቼ ስመልሰው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ ቢሆን የተበላሸ ቅጂ ይዤ ባትሪ እነቅል ነበር። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ በማሳያ ፕሮግራም ከፍቼ ስሞቹ መታየታቸውን አየሁ። የእህቴ ስም አራት ፊደል ነው። አለ። በሦስት የተለያዩ ቦታዎች አስቀመጥኩት።

ስልክ ደወልኩላት። «እትዬ፣ ጉዞሽ አልጠፋም» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «የትኛው?» አለችኝ። ሁለት ጉዞ ነበራት ለካ፤ ሌላኛውን እኔ ልጅ እያለሁ ደምስሼባታለሁ፤ ረስቼዋለሁ፤ እሷ አልረሳችም።

ቀን 10

ባትሪ መለወጥ። ሀያ ሁለቱንም ለመለወጥ አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ሊቲየም ባትሪ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙም ስለማይወርድ 2.9 ማለት ጤነኛ ነው ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ብየዳ ለ30 ዓመት ሰሌዳ ጉዳት ነው፤ ቅጂዎቹም በእጄ ናቸው። ስለዚህ ዘጠኙን ብቻ፤ የሞቱትን አምስትና የደከሙትን አራት።

ለመለወጥ ያሰበ ሰው ይህን ይወቅ፦ በተራው የሳንቲም ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ አደገኛ ነው። ሙቀቱ ባትሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። በፋብሪካ የብረት ምላስ የተበየደለት ባትሪ አለ፤ ምላሱ ነው ሰሌዳው ላይ የሚበየደው። ቁጥሩም ይለያያል፤ በሱፐር ኒንቴንዶ ያገኘሁት ሲአር2032 ነው፤ በፖኬሞን ጎልድ ሲአር2025፤ በሌሎች ጌምቦዮች ሲአር1616 አለ። መጀመሪያ ከፍቶ ቁጥሩን ማንበብ፤ ከዚያ መግዛት።

መበየጃውን 350 ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ አንዱን ምላስ አሙቄ፣ በወረንጦ ቀስ ብዬ አነሣሁ። አንደኛው ሰሌዳ ላይ ቸኩዬ ስቤ ከመዳቡ ስስ ንጣፍ ጥቂት ተላጠ። ወደ ኋላ ተመልሼ በቀጭን ሽቦ አገናኘሁት፤ ይሠራል፤ ጠባሳው ግን አለ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ብረቱ ራሱ እስኪለቅ ድረስ ጠብቄያለሁ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ከመበየዴ በፊት ፎቶ አንሥቻለሁ፤ ከበየድኩ በኋላ ለክቻለሁ። ሁሉም 3.2 አካባቢ ናቸው።

የእህቴን ካሴት መጨረሻ አደረግሁት። እጄ ከተለማመደ በኋላ። ባትሪው ተለወጠ፤ ፋይሉ ተመልሶ ተጻፈ፤ ማሽኑ ላይ ከተትሁት፤ ስሟ ወጣ።

ቀን 14

አሁን ልብሳቸው።

ከዓመታት በፊት የገዛኋቸው ግልጽ ፕላስቲክ ኪሶች ነበሩኝ፤ ከምን እንደተሠሩ አልተጻፈባቸውም። የፈራሁት ፒቪሲን ነው። ፒቪሲ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ዘይት መሳይ ነገር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣና ስቲከሩ ላይ ይለጠፋል፤ ሲያረጅ ደግሞ የአሲድ ጋዝ ይለቃል። አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ሲፈታ የሚሸተውን የሚያውቅ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። እነዚህ ትንሽ ይሸታሉ፤ ግን ጥርጣሬ አይበቃኝም።

ደጅ ወጥቼ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ይዤ እሳቱ ቀለም እስኪያጣ አጋልሁት። የጋለውን ጫፍ ኪሱ ላይ ነክቼ መልሼ እሳቱ ውስጥ ከተትሁ። እሳቱ ወዲያው ደማቅ አረንጓዴ ሆነ። ይህ ክሎሪን ነው፤ ኪሱ ፒቪሲ ነው። ጭሱ ጥሩ ስላልሆነ በዚያች ቁራጭ አበቃሁ። ኪሶቹን በሙሉ ጣልኩ።

ምልክት ያለው ፕላስቲክ ይህን ፈተና አያስፈልገውም። በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ ያለው ቁጥር ይነግራል፦ 3 ፒቪሲ ነው፤ አይጠጋ። 1 ፖሊስተር፣ 2 እና 4 ፖሊኢትሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ እነዚህ ጎረቤታቸውን አይበክሉም። ለሁሉም ባለ 5 ቁጥር ስስ ኪስ ወሰንኩ። አፉን አላሸግሁም፤ ውስጡ የተያዘ እርጥበት መውጫ እንዲኖረው። ሁለት የጌምቦይ ካሴቶች በጎማ ላስቲክ ታስረው ነበር የኖሩት፤ ላስቲኩ ቀልጦ ግራጫው ላይ ቡናማ መስመር ጥሏል። ከጎማው ውስጥ የሚወጣው ድኝም ለብረት ጠላት ነው። ላስቲክ ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ካሴት አያስርም።

የዲቪዲ መያዣ የመሰሉ፣ ሽፋን ታትሞ የሚገባባቸው ጠንካራ መያዣዎችም አሉ። መደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ሲቆሙ ያምራሉ፤ አልክድም። ግን 63 መያዣ ትልቅ ግድግዳ ይይዛል፤ መደርደሪያ ደግሞ ብርሃን ማለት ነው። ፀሐይ የስቲከሩን ቀለም ይመጠዋል፤ ግራጫውን ፕላስቲክ ያወይበዋል። ከሱፐር ኒንቴንዶዎቹ ሦስቱ ወይበዋል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በብርሃን ማንጣት ይቻላል፤ ወይባነቱ ግን ሊመለስ ይችላል፤ ሂደቱም ለፕላስቲኩ ደግ አይደለም። ይወይቡ። የእኔ ቦታ ጨለማ ነው።

ቀን 17

ሳጥኖች። ክዳናቸው የጎማ ማሸጊያ ያለው፣ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ሁለት። የውስጣቸው ስፋት 43 በ30፣ ቁመታቸው 17 ሴንቲ ሜትር። የኤንኢኤስ ካሴት ወርዱ 12፣ ቁመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ነው፤ ከነኪሱ ውፍረቱን 2 ብዬ ብይዝ 21ዱ 42 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ። አንድ ረድፍ ልክ! ከጎኑ 14ቱ ሱፐር ኒንቴንዶዎች ሁለተኛ ረድፍ ሆኑ። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ስጨርስ የተሰማኝን ደስታ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

የቆሙት እንደ መጽሐፍ ነው፤ ጥርሳቸው ወደ ታች፣ አቧራ እንዳይወድቅበት። ጥርሱ ከቅርፊቱ ጠርዝ ገባ ያለ ስለሆነ ታችኛውን ነገር አይነካም። ከሥራቸው ስፖንጅ አለ፤ ግን ፖሊኢትሊን ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ውኃ የማይጠጣ፣ የማይሸት። ጉድጓድ አልቆረጥኩም፤ ካሴትን ቅርጹን አክሎ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ነገር ሲወጣ ሲገባ ስቲከሩን ያሻል። በየአምስቱ መካከል ቁመቱ ዘለግ ያለ አሲድ አልባ ወረቀት ገባ። ኤንኢኤስ በአናቱ ላይ ስሙ ስላለ ከላይ ይነበባል። ጌምቦይና ኒንቴንዶ 64 የላቸውም፤ ስማቸውን ኪሱ ላይ በወረቀት አደረግሁ፤ ካሴቱ ላይ ምንም አልጻፍሁም፤ አልለጠፍሁም።

ሳጥኖቹ የገቡት በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከውጭው ግድግዳ ርቆ። የእንጨት መሳቢያ ነበረኝ፤ ጥሬ እንጨትና የተጨመቀ ጣውላ የአሲድ ትነት ስለሚያወጡ ለብረት አልወደድሁትም።

ቀን 18

ስህተት። ሲሊካ ጄል፣ ያ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ፍሬ፣ በጨርቅ ከረጢት 60 ግራም በየሳጥኑ አስቀምጬ ነበር። ማታ ስዘጋ መለኪያው (ከእርማቱ ጋር) 47 ይላል፤ ጠዋት 31። በጣም ደርቋል። የአንድ ኤንኢኤስ ስቲከር ጠርዝ ትንሽ ቀና ብሎ አገኘሁት። ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያረጀው ሙጫ ደግሞ አይከተለውም። የታየኝ እርጥበትን መዋጋት ብቻ ነበር፤ መልካም መስሎኝ ከመጠን በላይ አጠበቅሁ፤ እንደ ስፖንጁ።

ከየሳጥኑ ግማሹን አወጣሁ፤ ክዳኑን ለአንድ ሰዓት ከፈትሁ። የተነሣው ጠርዝ ማታ ላይ ራሱ ተኛ። ሙጫ አልነካሁበትም።

ቀን 23

43፣ 44፣ 43፣ 43፣ 44። አምስት ቀን። ተረጋግቷል።

በ1983 አታሪ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ያልተሸጡ ካሴቶቹን በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀብሮ ነበር። በ2014 ሲቆፈር 1,300 ገደማ ወጡ። ፎቶዎቹን ዛሬ እንደገና አየሁ። የተጨመደዱ፣ የተሰነጠቁ አሉ፤ ስማቸው የሚነበብም አለ። በ30 ዓመት ቆሻሻ ሥር! የእኔ ካሴቶች ያን ያህል መከራ አላዩም፤ ሦስት ዓመት በካሜራ ሻንጣ ስፖንጅ ውስጥ ኖረው ግን ጥላ ወጣባቸው።

ቀን 45

ፍሬዎቹ ብርቱካንማ የነበሩት ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሄደዋል፤ እርጥበት ጠጥተዋል ማለት ነው። ከሳጥኑ አውጥቼ፣ ከጨርቁ አራግፌ፣ በብረት ትሪ ላይ በ120 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሰዓት አደረቅኋቸው። ቀለማቸው ተመለሰ። ሲቀዘቅዙ መለስኳቸው። ይህ በየወሩ የሚደጋገም ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ እህቴ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ «የት ነው?» አለች። የመጀመሪያው ሳጥን፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከመጀመሪያው ወረቀት በኋላ። ራሷ አወጣችው። ጥርሱን አየች፤ ወደ አፏ አስጠጋችው፤ እጇን ያዝሁ። ሳቀች።

ሁለት ሰዓት ተጫወተች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አየሁ፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። አዲስ ነገር አስቀመጠች፤ ስለዚህ ከሄደች በኋላ ካሴቱን እንደገና ሁለት ጊዜ አንብቤ አዲሱን ቅጂ ከአሮጌው ጎን አኖርሁ። አሮጌውን አልደመሰስሁም።

መዝገቡ ላይ፦ ቁጥር 27። ወጣ 9 ሰዓት። ተመለሰ 11 ሰዓት ከሩብ። ጥርሱ በደረቅ ጥጥ ተጠርጓል። ባትሪ 3.2። እርጥበት 43።